ጋዜጣ ውስጥ ያበበው እሬት

ዕፅዋት አጥኚው ዳኛቸው የሞተው ሰው ሁሉ እየሰማው ነው። ሐሙስ ጠዋት ማቃሰት ጀመረ፤ ቀትር ላይ «ውሃ» አለ፤ ከዚያ ዝም አለ። በግቢው ውስጥ ጎመን የምትቀነጥስ ነበረች፣ ገብስ የሚወቃ ነበረ፣ ሽማግሌም አልጠፋም። አንዳቸውም ግን የዚያችን ጎጆ መዝጊያ አልነኩም። ክፋት ቢሆን ኖሮ በተሻለ፤ ክፋት ይፈረድበታል። እነሱ ያልገቡት ጨዋ ስለ ነበሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሶ የጠጣ ሰው ቤት ሌላ ሰው አይገባም። ሰውየው ከሆዱ ትል ጋር ግብግብ ላይ ነው፤ መልኩ ይጠፋል፣ በየጊዜው ይወጣል ይገባል፣ ሰው ሲያየው ያፍራል። ስለዚህ «እገሌ ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ጎረቤት ዘወር ብሎ ያልፋል፣ እንግዳ ከደጅ ይመለሳል፣ ቢያቃስት እንኳ «ኮሶው ነው» ተብሎ ይታለፋል። በስማዳ ብቻ አይደለም፤ በጋይንትም በእስቴም ያው ነው። ያን ዕለት ማለዳ የዳኛቸው ረዳት አበጀ ከጎጆዋ ወጥቶ «ጋሼ ኮሶ ጠጥተዋል፤ ሰው እንዳይገባባቸው» አለ። በቃ፤ የጎጆዋ ደጅ ጭር አለ።

ጊዜው 1957 ዓ.ም. ኅዳር መባቻ ነው። ዳኛቸው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ደረቅ አገር የሚበቅሉ ዕፅዋትን እያጠና የሚዞር ጎልማሳ ነበር። ከወገዳ ወደ በሽሎ ወንዝ በሚወርደው ገደል አፋፍ ላይ፣ ከወይዘሮ ሐረገ ወይን ግቢ አንዲት ጎጆ ሰጥተውት ነበር። ዝናብ ከሚርቀው ድንጋይ ላይ እሬትና ቁልቋል፣ ቅንጭብና ግራር ይለቅማል፤ በጋዜጣ መካከል ያስተኛዋል፤ በእንጨት ርብራብ ጭኖ በጠፍር ያጠብቅና ያደርቀዋል። አበጀ የእስቴ ልጅ ነው፤ ዳኛቸው ራሱ አስተምሮ ረዳቱ ያደረገው። ከጥቂት ሳምንት በፊት ይህ አበጀ ከገደሉ ወገብ ላይ ማንም አይቶት የማያውቅ እሬት አገኘሁ ብሎ ነበር። አዲስ ከሆነ ስም ይወጣለታል፤ ስሙም በአባቱ በአቶ ጥጋቡ ስም እንዲሆን ተመኘ። ተመኝቶ ዝም ቢል ምን ነበረበት። ለአባቱ ላከባቸው። አቶ ጥጋቡም በሬ ጥለው አገር አበሉ፤ «ስሜ በባሕር ማዶ መጽሐፍ ሊገባ ነው» እያሉ በየገበያው አወሩ። እንግዲህ አባት በልጁ ቢደሰት ማን ይፈርድበታል።

ሐሙስ ማታ አበጀ ከቆላ ተመልሶ ጎጆዋን ከፈተና ኡኡ አለ። ያን ጊዜ ሁሉም ገባ።

የወገዳው ፖሊስ መቶ አለቃ ይሁኔ ዓርብ ማለዳ በበቅሎ ደረሰ። አጭር፣ ዝግተኛ፣ መፋቂያ ከአፉ የማይለይ ሰው ነው። ሲጠይቅ መፋቂያውን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው ያዛውራል፤ የሚዋሽ ሰው ያን ጊዜ ይጨንቀዋል። ዓይኑ ትንኝ አያመልጠውም ይባልለታል። ያን ዕለት ጠዋት ግን ተቻኮለ፤ እውነቱን እንናገር። ኮሶውን የሰጡት መድኃኒት አዋቂው መሪጌታ ተሻገር ናቸው ሲባል፣ ሰዉም «መርዘው ገደሉት» ብሎ ሲንጫጫ፣ በጋይንቱ የድጓ ቤት በቤተ ልሔም ተምረው ያስተማሩትን ሊቅ፣ ጥምጣማቸውን እንዳደረጉ፣ ተማሪዎቻቸው እያዩ፣ እጃቸውን በጠፍር አሰረ። ከሣልስቱ በኋላ ወደ ደብረ ታቦር ሊወስዳቸው ነው። እዚያ ደግሞ ሰው በመርዝ ገደለ የተባለ ከገመድ አያመልጥም።

አስሮ ሲያበቃ ወደ ጎጆዋ ገባ። መጀመሪያ መግባት ነበረበት።

አስከሬኑ ገና አልተገነዘም። ዳኛቸው መደቡ ላይ ተጠማዞ፣ አንድ እጁን ወደ መዝጊያው ዘርግቷል። ከራስጌው የኮሶ ዋንጫ አለ፤ አተላው ከታች ደርቋል። መቶ አለቃው ዋንጫውን አሸተተው፤ ኮሶ ነው። ከዚያ ሰው የሚጸየፈውን አደረገ፤ ሟቹ ያስመለሰውን በእንጨት ገለጥ ገለጥ አድርጎ አየው። የገብስ ቂጣ ነው። የኮሶ አበባ ፍርፋሪ አንድም የለበትም። ጺሙንም አየ፤ ከንፈሩንም ገልጦ አየ። ኮሶ የጠጣ ሰው ያ ፍርፋሪ ከጺሙና ከጥርሱ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

«ኮሶ በባዶ ሆድ ነው የሚጠጣ፤ ቂጣ በልቶ ኮሶ» አለ ለራሱ፤ መፋቂያውን አዛወረ። የሠራውን ያን ጊዜ አወቀው፤ ፊቱ ቀላ።

መሪጌታ ከጎተራው ሥር ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል።

«መሪጌታ፣ ኮሶውን ለማን ነው የሰጡት?»

«ለረዳቱ ነው፤ ለአበጀ። ረቡዕ አመሻሽ ላይ መጥቶ ጋሼን ትል አስቸግሯቸዋል አለኝ። አንድ ሰው የሚጠጣውን ለክቼ ሰጠሁት።»

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችኋል አሉ።»

«ተጣልቻለሁ፤ አልክድም። የሥር ስም ይንገሩኝ እያለ መውጫ መግቢያ አሳጣኝ። መድኃኒት አደባባይ ከወጣ ይረክሳል አልሁት። አልሰማ ቢለኝ በቤተ ክርስቲያን ደጅ የሥር ሌባ ብዬ ሰደብሁት። ሲሞት ያሳፈረኝ እሱ ስድብ ነው።» ቀና ብለው አዩት። «አንተ ልጅ፣ ማሰርህን እችለዋለሁ። ተማሪዎቼ እያዩ ነው ያሰርኸኝ።»

«አሁን ብፈታዎ ሰዉ ይደበድብዎታል» አለ መቶ አለቃው።

እውነት ነው፤ ግን ለሱም ሰበብ ሆነችው። መሬት መሬት እያየ ሄደ።

ወይዘሮ ሐረገ ወይን ማድ ቤት ነበሩ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ቃላቸው የተከበረ ባለርስት ናቸው። ለለቅሶው ሊጥ ያቦኩ ነበር።

«እሜቴ፣ ረቡዕ ማታ ራት በልቷል?»

«ምን ይጠየቃል፤ ሽሮውን ጠርጎ ድገሙኝ አለ።»

«ነገ ኮሶ የሚጠጣ ሰው ነው የደገመው?»

ወይዘሮዋ እጃቸውን ከሊጡ አወጡ። «አላሰብሁትም ልጄ።»

«ኮሶ ልጠጣ ነው ብሎ ነግሮዎት ነበር?»

«እሱስ አልነገረኝም። ረዳቱ ነው የነገረን።»

«ከራሱ አፍ የሰማ ሌላ ሰው አለ?»

«የለም።» አሰቡና «የለም» ብለው ደገሙት።

መቶ አለቃው ጥግ ላይ ያለውን ጥቁር ድስት በእግሩ ነካ አደረገው። ከአፉ ላይ አረንጓዴ ዝቃጭ ደርቆበታል።

«ይኸ ምን ተሠርቶበት ነው?»

«የሱ ጉድ ነው። እሬቱንና ቁልቋሉን ሁሉ በፈላ ውሃ ነክሮ ነው ጋዜጣ ውስጥ የሚያስተኛው። ድስቴን አበላሸኸው ብለው ሳቀብኝ። እነዚህ ሆዳቸው ውሃ ነው፣ ካልተነከሩ ጋዜጣ ውስጥም አይሞቱም፣ ያድጋሉ አለኝ። አንዱንም ሳይነክር ትቶ አያውቅ።»

«ረቡዕስ ነከረ?»

«ረቡዕ የፈላ ውሃ አልጠየቀኝም። ያን ቀን ከገደሉ የመጣው አኩርፎ ነው። አንድ እሬት ከነሥሩ ነቅሎ ይዟል፤ ከአመድ ቁልሉ ላይ ወረወረው። አበጀን ጠርቶም ነገ ለብቻችን እንነጋገራለን አለው። ሌላ ምንም አላለም።»

መቶ አለቃው ወደ አመድ ቁልሉ ወጥቶ አየ። እሬት የለም። ሲመለስ ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ጠበቁት።

«ውሃ ሲል ሰማሁት» አሉ ሳይጠየቁ። «ሁለት ጊዜ። ኮሶው ሳይሽር ውሃ ከጠጣ ይጎዳዋል ብዬ ዝም አልሁት። ለሱ አዝኜ እኮ ነው ዝም ያልሁት። አሁን ለእናቱ ምን ብዬ ልናገር?»

መቶ አለቃው ወጥቶ ይማምን አስጠራ።

ይማም የወገዳ ነጋዴ ነው፤ እነዳኛቸውን በበቅሎው የሚያመላልስ፣ ወሬ የማይጠላ። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ ከአበጀ ጋር በሽሎ ነበር።

«መቼ ወረዳችሁ?»

«ጠዋት። ጋሼ ዳኛቸው ሻያቸውን በቂጣ እየበሉ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔ በቅሎ ልጭን ከኋላ ዞርሁ። ስመለስ ቤቱ ተዘግቷል፤ አበጀ ኮሶ ጠጡ አለኝ። መቼ ጠጡ ብዬ ነበር፤ አሁን አለኝ። እኔ ምን አገባኝ ብዬ ተውሁት።»

«ሻዩን ማን ያፈላላቸዋል?»

«አበጀ ነዋ። አንድ ነገር ግን ገርሞኛል። ማንቆርቆሪያውን ይዞ ወረደ። ሻይ ሊያጠጣኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ። ሻይ የለ፣ ስኳር የለ። ወንዙ ዳር ቁጭ ብሎ በአሸዋ ሲፈትገው ዋለ።»

«ሌላስ የገረመህ የለም?»

ይማም ፈገግ አለ፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው አቆመ። «መስከረም ላይ ከደብረ ታቦር ስንመጣ አንድ ሳጥን አላስነካም አለኝ። በየምንጩ እየወረደ ያጠጣዋል። ስንት በቅሎ አጠጥቻለሁ፤ ሳጥን ሲጠጣ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።»

አበጀ የመጨረሻው ነበር። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል፤ ልቅሶው የውሸት አይደለም።

«አባቴ ማለት ነበሩ» አለ። «ኮሶው በዛባቸው። መሪጌታ ይጠሏቸው ነበር።»

«ረቡዕ ተቆጥተውህ ነበር?»

«ኧረ እኔን አልተቆጡኝም። እንዲያውም እሬቴን አዲስ ነው ብለው ተቀብለውልኛል። ማታውን በገዛ እጃቸው ጋዜጣ ውስጥ አስተኝተው ጫኑት። ያላመኑበትን ዕፅ አይጭኑም፤ ይጥሉታል። ርብራቡን ፈተው ይዩት።»

«አልፈታውም» አለ መቶ አለቃው። ርብራቡን እንደ ታሰረ ብድግ አድርጎ በብብቱ ያዘው። «እስከ ሣልስቱ ከኔ ጋር ያድራል።»

ቀኑን ቀብር ዋለ። ቅዳሜ መቶ አለቃው ይማምን መንገድ አሳዪ አድርጎ ወደ ገደሉ ወገብ ወረደ፤ እየተንፏቀቀ፣ እየረገመ። ማታ ልብሱ በእሾህ ተቀዶ፣ አንድ ነገር በከረጢት ይዞ ተመለሰ።

እሑድ የሣልስቱ ጸሎት እንዳበቃ ሁሉንም ከዳሱ ውስጥ ሰበሰባቸው። ወይዘሮ ሐረገ ወይን ከሴቶቹ ፊት ተቀመጡ፤ ይማም ከምሰሶው ተደገፈ፤ አበጀ በሐዘንተኛ ወግ አንገቱን ደፍቷል። መሪጌታን ሁለት ፖሊሶች አመጧቸው። መቶ አለቃው መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። ይህን ሲያደርግ ያየው ሰው እምብዛም የለም።

«ረቡዕ ማታ ራቱን ደግሞ የበላ ሰው ነው» ብሎ ጀመረ። «ሐሙስ ጠዋት ቂጣውን በሻይ ሲበላ ይማም አይቶታል። ሲያስመልሰውም የወጣው ያ ቂጣ ነው፤ የኮሶ ፍርፋሪ አልነበረበትም። ዳኛቸው ኮሶ አልጠጣም። ዋንጫው ውስጥ የነበረው መሬት ላይ ፈስሷል ወይም ሌላ ቦታ ተደፍቷል። እና ይህ ሁሉ ሰው ኮሶ ጠጥቷል ያለው ለምንድን ነው? ከራሱ አፍ የሰማ አለ?»

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ሁላችንም ከአንድ ሰው አፍ ነው የሰማነው። ያ ሰው ኮሶውን ከመሪጌታ የተቀበለ ነው። ሻዩን ያፈላ ነው። ሻዩ የፈላበትን ማንቆርቆሪያ በሽሎ ድረስ ተሸክሞ በአሸዋ የፈተገ ነው። ኮሶው ለመግደል አልነበረም፤ እናንተን ከደጅ ለመመለስ ነበር። ጨዋነታችሁን ነው መዝጊያ ያደረገው።»

ወይዘሮ ሐረገ ወይን በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ለምን ገደለው እንበል» አለ መቶ አለቃው፤ ርብራቡን አምጥቶ ፊታቸው አኖረው። «አበጀ፣ ይህን እሬት አቶ ዳኛቸው ረቡዕ ማታ በእጃቸው ጫኑት ብለኸኛል?»

«ብያለሁ» አለ አበጀ።

መቶ አለቃው ጠፍሩን ፈታ። የላይኞቹን ጋዜጦች አንድ በአንድ አነሣ። ዳኛቸው በሕይወት ሳለ የጫናቸው ቁልቋሎች ተጠፍጥፈው፣ ጠቁረው፣ ደርቀዋል። ከታች ግን ጋዜጣው አብጧል። ሲገልጠው እሬቱ ወፍራም ቅጠሉን እንደ ያዘ፣ አረንጓዴውም ሳይለቅ ተኝቷል። የአበባው አገዳ ወደ ላይ ቀና ብሎ ጋዜጣውን ቀዶታል፤ በጨለማው ውስጥ እምቡጡ ፈንድቶ ቀይ አብቧል። ከሴቶቹ አንዷ አማተበች።

«ዳኛቸው እሬት በፈላ ውሃ ሳይነክር ጭኖ አያውቅም። ረቡዕ ደግሞ የፈላ ውሃ አልጠየቀም። ይህን የጫነ ሌላ ሰው ነው፤ መንከር እንዳለበት ያውቃል፣ ግን በዚያ ማታ እሜቴን የፈላ ውሃ ቢጠይቅ ይነቃበታል። አሁን ሥሩን እዩት።» ከረጢቱን ከፍቶ ሌላ እሬት አወጣ። «ይህን የአገሩን እሬት ትናንት ከገደሉ ነቀልሁት። ሥሩ በድንጋዩ ስንጥቅ ወዲያና ወዲህ ተበትኗል። የአበጀ እሬት ሥር ግን ዙሪያውን ተጠምዝዞ ክብ ሠርቷል። ቆርቆሮ ውስጥ ያደገ ነው። ይማም ሲጠጣ ያየው ሳጥን የያዘው ይህን ነው። ከሩቅ አገር አምጥቶ እዚህ ተከለው፤ ከዚያ አገኘሁ አለ። ረቡዕ ዳኛቸው ወርዶ ነቀለው፤ ሥሩን አየ፤ ገባው።»

አበጀ አልተንቀሳቀሰም። ሲናገር ድምፁ ከልጅ ድምፅ አይበልጥም ነበር።

«መጀመሪያ ላሳያቸው ብዬ ብቻ ነበር። ሲደሰቱብኝ መመለስ አፈርሁ። ከዚያ አባቴ በሬ ጣሉ። ጋሼ ነገ እንነጋገራለን ሲሉኝ ሌሊቱን ሙሉ የታየኝ አባቴ በእስቴ ገበያ ሲሳቅባቸው ነው። መረንዝ የሚባለውን መርዘኛ ዛፍ ልጥ ቀቅዬ ሻዩ ውስጥ ጨመርሁት። መራራ ነው፤ ስኳሩን አበዛሁት። አመሰገኑኝ።»

«ሊያሳፍሩህ ነው ብለህ ነው?»

«አዎ።»

«ሞኝ ልጅ» አለ መቶ አለቃው፤ ቁጣ አልነበረበትም። «ሊያዋርድህ የፈለገ ሰው እሬቱን በእጁ ያቆየው ነበር። ማስረጃው እሬቱ ብቻ ነው። ዳኛቸው ግን ከአመድ ላይ ጣለው፤ እንዳይታይብህ። ከአመዱ አንሥተህ ያኖርኸው አንተ ነህ።»

ወይዘሮ ሐረገ ወይን ከነጠላቸው ውስጥ ተናገሩ። «ራት ላይ፣ ልጁን ነገ በቆላው መንገድ ለብቻው እመክረዋለሁ፣ ለሰው የሚወራ አይደለም ብሎኝ ነበር። ምን እንደ ሆነ አልጠየቅሁትም።»

አበጀ ያን ጊዜ ተንበርክኮ መሬቱን በግንባሩ ነካ። እስከዚያ ያለቀሰው ለሟቹ ነበር፤ አሁን ያለቀሰው ለምን እንደ ሆነ የሚለይ ሰው አልነበረም።

መቶ አለቃ ይሁኔ ወደ መሪጌታ ሄዶ፣ ተማሪዎቻቸው እያዩ፣ ተንበርክኮ ጠፍሩን ፈታ። «ይቅር ይበሉኝ፣ ሳልመረምር ነው ያሰርሁዎት» አለ፤ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ። መሪጌታ የእጃቸውን ሰንበር እያሹ «እግዜር ይፍታህ» አሉት። ያው ጠፍር በአበጀ እጅ ላይ ታሰረ።

«መቶ አለቃ» አለ አበጀ። «ወደ ደብረ ታቦር በእስቴ በኩል አይውሰዱኝ። እለምንዎታለሁ። በጋይንት ዙረው ይውሰዱኝ።»

«መንገዱ ይረዝማል።»

«ይርዘም። አባቴ ታስሬ እንዳያዩኝ ነው።»

ለዚህ የመለሱት መሪጌታ ናቸው። «በጋይንት ውሰደው። የታሰረ ሰው ሲያዩት ምን እንደሚሆን እኔ አውቀዋለሁ። አንተ ያለበስኸኝን እፍረት ለሽማግሌ አትጨምር።»

«እሺ» አለ ይሁኔ። «በጋይንት፣ በአርብ ገበያ በኩል እንወጣለን።»

በቅሎዎቹ ተጭነው ሳለ ከበሩ ግድም የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። አንድ ረጅም ሽማግሌ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከኋላቸው የዳቦ ሙዳይ የተሸከመች ሴት አስከትለው ገቡ። ወሬው እስቴ የደረሰው ዘግይቶ ነበር፤ ቀብሩ ቢያመልጣቸው ለሣልስቱ ሌሊቱን ገሥግሠው የመጡት አቶ ጥጋቡ ናቸው። «ልጄን ሰው ያደረገልኝ፣ ወንድሜ» እያሉ ደረታቸውን ይመቱ ነበር። ሰው ሁሉ ተነሣ፤ ማንም ግን ቀርቦ እንደ ወጉ አልደገፋቸውም። ሽማግሌው ይህን ታዘቡ። ልቅሷቸውን ገታ አድርገው፣ ዓይናቸው ስለ ደከመ በእጃቸው ጋርደው፣ በበቅሎዎቹ መካከል የቆመውን ሰው ተመለከቱ።

«ያ የታሰረው ማነው?» አሉ።

መቶ አለቃው የበቅሎውን ልጓም ያስተካክል ጀመር። ወይዘሮ ሐረገ ወይን ፊታቸውን አዞሩ። መሪጌታም እንኳ መሬት መሬት አዩ።

«እኔ ነኝ፣ አባዬ» አለ አበጀ።